ረግረጉን ሳይረግጡ ማየት፦ ወደ ካልተንብሮን ለምትሄዱ

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ተናድጄ ነው የተመለስኩት። ሰው "ሂድና እየው፣ ጉድ ነው" ብሎኝ፣ ስንት መንገድ ተጉዤ፣ ረግረጉ ላይ በተዘረጋው የሳንቃ መንገድ ሃያ ደቂቃ ተራምጄ፣ አንድ ጥቁር ኩሬ አየሁና አለቀ። ፎቶ አንስቼ ወጣሁ። ፎቶውን ያሳየሁት ጓደኛዬ "ምንድን ነው ይሄ፣ ጎርፍ የመታው ማሳ ነው?" አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ አንዲት አሮጊት ሳንቃው ላይ በሆዳቸው ተኝተው አገኘኋቸው። የወደቁ መስሎኝ ሮጥኩ። ለካ በማጉያ መነጽር የሆነች ቀይ ነገር እያዩ ነው። "ና፣ እየው" አሉኝ። ተንበረከክኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስንት ጊዜ እንደሄድኩ ቆጥሬ አላውቅም፣ ስለዚህ እናንተ የመጀመሪያውን ጉዞ እንደኔ እንዳታባክኑት ይህንን ልጻፍላችሁ።

ካልተንብሮን ያለው በደቡብ ምዕራብ ጀርመን፣ በባደን ቩርተምበርግ ክልል፣ በሰሜናዊው ጥቁር ደን ውስጥ ነው፤ ጀርመኖቹ ሽቫርትስቫልድ የሚሉት ማለት ነው። ሙርግ እና ኤንትስ በሚባሉ ሁለት ወንዞች መካከል ያለ ተራራ ነው፣ ከፍታው 900 ሜትር አካባቢ። አናቱ ግን ሾጣጣ አይደለም፣ ሜዳ ነው። ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ሜዳነት ነው። ዝናቡ ብዙ ነው፣ ብርዱም አይቀልድም፣ ከሥር ያለው ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ለተክል የሚሆን ምግብ የለውም ማለት ይቻላል፣ ውሃው ደግሞ የሚሄድበት ቁልቁለት ስለሌለው እዚያው ይተኛል።

የበረዶው ዘመን ካበቃ በኋላ፣ ከዛሬ 10,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ፣ እዚህ የተኛ ውሃ ላይ ስፋግነም የሚባል ሞስ (እርጥብ ቦታ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ትንሽ ተክል) ሰፈረ። ይህን ተክል ሳታውቁ አትሂዱ፣ የቦታው ባለቤት እሱ ነው። ሥር የለውም። ከላይ ያድጋል፣ ከታች ይሞታል። የሞተው ክፍል ደግሞ በወጉ አይበሰብስም፤ ውሃው ኮምጣጣ ነው፣ አየርም አይገባበትም። ስለዚህ ይደራረባል። የተደራረበው ቡናማ ነገር ፒት ይባላል፣ በጀርመንኛ ቶርፍ፤ ድሮ ሰዎች ቆርጠው፣ አድርቀው፣ ልክ እንደ ኩበት ያነዱት ነበር። ክምሩ የሚጨምረው በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። እዚያው ካልተንብሮን ባለው ቪልትዜ ሐይቅ ዙሪያ ጥልቀቱ ወደ 8 ሜትር ይደርሳል። ስሌቱን ለእናንተ ልተወው።

ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ነገር፣ ይሄ ተራ ረግረግ አይደለም። ተራው ረግረግ ከምንጭ ወይም ከወንዝ ውሃ ይጠጣል። ይሄኛው ግን ሲደራረብ ሲደራረብ መሀሉ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ከዙሪያው ከፍ ብሏል፣ በዚህም ምክንያት የምድር ውሃ አይደርስበትም። የሚኖረው ከሰማይ በሚወርደው ብቻ ነው። ጀርመኖች ሆኽሞር ይሉታል፣ ከፍ ያለ ረግረግ እንደማለት። የዝናብ ውሃ ደግሞ ባዶ ነው፣ ማዳበሪያ የለውም። ስለዚህ እዚያ የምታዩት ተክል ሁሉ በረሃብ መኖር የለመደ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ክልከላዎቹ ጋ ስንደርስ ትጠቅመናለች።

አሁን ወደ ጉዞው።

መኪና ካላችሁ ቀላል ነው፣ ከጌርንስባኽ ወይም ከባድ ቪልትባድ በኩል ወደ ካልተንብሮን የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ መያዝ ነው። እላይ የመረጃ ማዕከልና የመኪና ማቆሚያ አለ። በመረጃ ማዕከሉ ጀምሩ፣ ካርታ ውሰዱ፣ ሽንት ቤትም እዚያው ጨርሱ (ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ)። ትንሽ ወጣ ብሎ ሽቫርትስሚስ የሚባል ሌላ ማቆሚያ አለ። ስሙ ራሱ መንገድ ያሳያል፦ በአካባቢው አነጋገር "ሚስ" ማለት ረግረጋማ ቦታ ነው፣ ሽቫርትስ ደግሞ ጥቁር። በጥቁር ደን ውስጥ ካርታ ላይ "ሚስ" የሚል ቃል ካያችሁ ጫማችሁን አስቡ።

መኪና የሌላችሁ ከፎርትስሃይም እስከ ባድ ቪልትባድ በከተማ ባቡር ትሄዳላችሁ፣ መጨረሻው ጣቢያ ነው። ከዚያ ዞመርበርግ ወደሚባለው ኮረብታ የምትወጣ በገመድ የምትጎተት ባቡር አለች። ከኮረብታው እስከ ቪልትዜ በእግር ሁለት ሰዓትም ከዚያ በላይም ይወስዳል፣ በደን ውስጥ፣ ብዙም አቀበት የለውም። እኔ እንዲያውም ይሄኛውን ነው የምመርጠው። ረግረጉ ጋ ስትደርሱ የከተማው ችኮላ ከላያችሁ ወርዷል። በአውቶቡስ የምትሄዱ ከሆነ ግን ሰዓቱን ከቤት ሳትወጡ አረጋግጡ፤ ቅዳሜና እሁድ የሚሠራው ሌላ ቀን ላይሠራ ይችላል፣ በክረምትና በበጋም ይለያያል (ክረምት ስል የአውሮፓውን ብርድ፣ በጋ ስል ሙቀቱን ወቅት ማለቴ ነው)። የመጨረሻው ካመለጣችሁ ተራራው ላይ ታክሲ ጠብቆ አያገኛችሁም።

የሚታዩት ረግረጎች ሁለት ናቸው። ቪልትዜ ትልቁ ነው፣ ከመረጃ ማዕከሉ በአንድ በኩል፤ ሆሎህዜ ትንሹ ነው፣ በሌላ በኩል፣ ከሽቫርትስሚስ ማቆሚያ ቅርብ። ጊዜ ካጠረባችሁ ወይም ልጆች ከያዛችሁ ሆሎህዜን። ቀኑን ሙሉ ካላችሁ ሁለቱንም። ሆሎህ የሚባለው ተራራ ጫፍ ላይ በ1897 የተሠራ ግንብ አለ፣ አየሩ ከጠራ የራይን ሸለቆንና ማዶ ፈረንሳይ ያሉትን የቮዥ ተራሮች ያሳያል። ጥሩ ነው፣ ውጡበት፣ ግን ስለ ግንብ ለመጻፍ አልተነሳሁም።

ስለ ልብስ አጭር ልበል። ከታች ከተማው ውስጥ በቲሸርት ብትነሱም ጃኬት ያዙ። ረግረግ ቅዝቃዜ ያቆራል፣ ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት በበጋም ውርጭ ሊጥልበት ይችላል። ጫማ የማያንሸራትት ይሁን፣ እርጥብ ሳንቃ ሳሙና ነው። ረጅም ሱሪ። ሁለተኛ ጥንድ ካልሲ። እና አንድ ርካሽ የእጅ ማጉያ መነጽር፣ ይህቺን እንዳትረሱ። ማጉያ ሳይዝ ሆኽሞር የሄደ ሰው መጽሐፍ ገዝቶ ሽፋኑን ብቻ አይቶ እንደመለሰ ቁጠሩት።

አረማመዱን እንይ። ሳንቃው ላይ ስትደርሱ የመጀመሪያው ስህተት ወደ ሐይቁ መሮጥ ነው። ሁሉም ሰው እንደዚያ ያደርጋል። እናንተ ሳንቃው የጀመረበት ቦታ ላይ ቁሙና ዛፎቹን ተመልከቱ። ከኋላችሁ ያሉት ረጃጅሞች ናቸው፣ ጨለማ ጥቅጥቅ ያለ ደን። ወደፊት እየሄዳችሁ ስትመጡ ዛፉ እያጠረ፣ እየተጣመመ፣ እየሳሳ ይሄዳል፣ መሀሉ ጋ የሰው ቁመት የማይሞሉ ጥዶች ናቸው ያሉት። ችግኝ እንዳይመስሏችሁ። አንዳንዱ ከመቶ ዓመት በላይ ሊሆነው ይችላል፤ ምግብ ስለሌለው ነው ያልረዘመው። የረግረጉን ኩፍታ በዓይን ማየት ከባድ ነው፣ ቁልቁለቱ በጣም የለዘበ ነው፣ ዛፎቹ ግን ይናገሩታል። ዛፉ ባጠረበት ፒቱ ወፍሯል።

ቀጥሎ ቁጭ በሉ። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ትታችሁ ሳንቃው ላይ ቁጭ። ስፋግነሙ ከርቀት አንድ አረንጓዴ ምንጣፍ ይመስላል፣ ከቅርብ ስታዩት ግን ቢጫ አለ፣ ወይን ጠጅ አለ፣ እንደ ዝገት ያለ ቀይ አለ። እያንዳንዱ ጭንቅላት ትንሽ ኮከብ ነው። ይህ ተክል ከደረቅ ክብደቱ እስከ 20 እጥፍ የሚደርስ ውሃ ይይዛል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥጥ ሲያጥር አድርቀው ቁስል ያሰሩበት ነበር። ውሃ መምጠጡም፣ ኮምጣጣነቱም ለቁስል ተስማምቷል።

አሁን ያቺን አሮጊቷ ያሳዩኝን ቀይ ነገር ፈልጉ። ድሮሰራ ትባላለች። ስለ ሥጋ በል ተክል ሰምታችሁ ከሆነ ትልቅ ነገር አትጠብቁ። ቅጠሏ የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች፣ ክብ ናት፣ ዙሪያዋን ቀይ ፀጉር አላት፣ በየፀጉሩ ጫፍ ላይ የጠል ጠብታ የመሰለ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። ጠል አይደለም፣ ሙጫ ነው። እኔ በዚያ ቀን ያየሁት አንዲት ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ትንኝ ሁለት እግሯ ተይዞ፣ አንድ ክንፏን እያርገበገበች ነበር። በማጉያው ስመለከት አጠገቧ ያሉት ፀጉሮች ወደሷ ማዘንበል ጀምረዋል፣ ቀስ ብለው፣ ግን ያዘነብላሉ። አሮጊቷ ሰዓታቸውን አይተው "ገና ብዙ ይቆያል" አሉና ከቦርሳቸው ፖም አወጡ። ተክሏ ነፍሳት የምትበላው ክፉ ስለሆነች አይደለም። አፈሩ የነፈጋትን ናይትሮጅን ከትንኝ ነው የምታገኘው። በበጋ ወራት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ ነሐሴ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ሳንቃው ጠርዝ ላይ ራቁት ቡናማ ፒት በሚታይበት ቦታ ፈልጉ። ረጅም ሣር ውስጥ አታገኟትም። አንዷን ካያችሁ ዓይናችሁ ይለምድና ሃያውን ታያላችሁ።

ሌላም አለ። በግንቦትና በሰኔ የጥጥ ሣር ነጭ ፀጉሩን ያወጣል፣ ነፋስ ሲመጣ ረግረጉ በሙሉ ይወዛወዛል። በነሐሴ ደግሞ ሐምራዊ አበባ የምታወጣ ቁጥቋጦ አለች፣ አስታን የምታውቁ ቅጠሏን ስታዩ ትጠረጥራላችሁ፣ ልክ ናችሁ፣ ዘመድ ናቸው። ክራንቤሪ የሚባለው ቀይ ኮምጣጣ ፍሬ የሚሰጥ ተክል ከክር በቀጠነ ግንድ ሞሱ ላይ ይሳባል። ሐይቁ ጋ ስትደርሱ ውሃው ጥቁር ነው፣ ቆሻሻ ግን አይደለም፤ ከፒቱ የወጣው ነገር እንደ ሻይ ቅጠል አቅልሞት ነው። የሐይቁ ዳር ያለው አረንጓዴ መሬት ደግሞ መሬት አይደለም። ሞስ ውሃ ላይ ተንሳፎ ነው። ለዓይን ጠንካራ ይመስላል፣ የሚያታልለውም ይሄው ነው።

ስለ ክልከላው ብዙ ሰው ይነጫነጫል፣ "ጀርመኖች ደግሞ ሕግ ይወዳሉ" እያለ። ቦታው የተፈጥሮ ጥብቅ ነው፣ ከሳንቃ መውረድ አይፈቀድም፣ ቅጠል መቁረጥ፣ ፍሬ መልቀም፣ ድንኳን መትከል፣ እሳት ማንደድ፣ ድሮን ማብረር አይቻልም፣ ውሻም በገመድ ይያዛል። በክልሉ ደን ውስጥ ከማርች 1 እስከ ኦክቶበር 31 ሲጋራ ማጨስም ክልክል ነው። ግን ሕጉን ተዉትና ስሌቱን አስቡት፦ አንድ ጊዜ ወርዳችሁ እግራችሁ 10 ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ የመቶ ዓመት ክምር ነው የጨፈለቃችሁት። በዓመት 1 ሚሊ ብለናል። ለአንድ ሰልፊ።

ሽንት ቤቱን ጨርሱ ያልኩትም ለዚህ ነው። እየሳቅኩ አይደለም። ረግረጉ የሚኖረው በድህነቱ ነው። ሽንት፣ የውሻ ኩስ፣ የብርቱካን ልጣጭ፣ "ይበሰብሳል" ብላችሁ የምትጥሉት የፖም እምብርት ሁሉ ማዳበሪያ ነው፣ ማዳበሪያ ካገኘ ደግሞ ተራ ሣር ይመጣና እነዚያን ረሃብ የለመዱትን ይውጣቸዋል። ደግሞም እዚያ ምንም ነገር በቶሎ አይበሰብስም። ዴንማርክ ውስጥ በ1950 ከፒት ሥር የወጣ አንድ ሰው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ አገጩ ላይ ያለው ያልተላጨ ጺም ሳይቀር ይታይ ነበር፣ ቶሉንድ ሰው ይሉታል፤ መጀመሪያ ያገኙት ሰዎች በቅርቡ የተገደለ መስሏቸው ፖሊስ ጠርተዋል። የናንተ የፖም እምብርት እንደዚያ ታዋቂ እንዲሆን አትፍቀዱ።

ሌላው የክልከላ ምክንያት አወርሁን የሚባለው ወፍ ነው። ወንዱ ጥቁር፣ እስከ 4 ኪሎ የሚመዝን፣ የደን ዶሮ ነገር ነው። በጥቁር ደን ውስጥ ቁጥሩ በጣም እየወረደ ነው። በክረምት የሚኖረው የጥድ ቅጠል እየበላ ነው፣ ከዚያ የሚያገኘው ጉልበት ትንሽ ነው፣ እናንተ ከመንገድ ወጥታችሁ ስታስበረግጉት ያችኑ ትንሽ ጉልበት በበረራ ይጨርሳል። እኔ እስካሁን በዓይኔ አላየሁትም። አለማየቴ ደህና ነገር ነው ብዬ ራሴን አጽናናለሁ።

የአየር ጠባይ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኃይለኛ ነፋስ ካለ ቅሩ። በ1999 ዲሴምበር 26 ሎታር የሚባለው ማዕበል እዚህ ተራራ ላይ ብዙ ዛፍ አንጥፎ ነበር። ከዚያ ውጪም በጥብቁ ክፍል የሞተ ዛፍ አይነሳም፣ የቆመውም እስኪወድቅ ይቆማል፣ መቼ እንደሚወድቅ ደግሞ አይነግራችሁም። ጭጋግ ግን አያስቀራችሁ። እንዲያውም በጭጋግ ቀን ሰው የለም፣ በየሸረሪት ድሩ ላይ ውሃ ተንጠልጥሎ ታገኙታላችሁ። በረዶ ሲጥል ሳንቃው ይሸፈንና ጠርዙ የት እንደሆነ አይታወቅም፤ ያኔ ሰፊውን የደን መንገድ ይዛችሁ ብትቀሩ ይሻላል። የሆነ ነገር ከሆናችሁ ቁጥሩ 112 ነው፣ ስልክ በየቦታው ላይሠራ ስለሚችል ብቻችሁን ከሄዳችሁ ለአንድ ሰው ነግራችሁ ውጡ።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ "አትንካ" እያላችሁ ቀኑን አትጨርሱ። ማጉያውን ስጧቸው። የድሮሰራ ቆጠራ ውድድር አድርጉ፣ መጀመሪያ ያገኘ ሁለተኛውን ሳንድዊች ይበላል። ሳንቃው ላይ ፀሐይ የምትሞቅ እፉኝት ካጋጠመቻችሁ እግራችሁን ጠበቅ አድርጋችሁ እየረገጣችሁ ቁሙ፣ ንዝረቱ ይደርሳትና ትሄዳለች። ማባረር፣ በዱላ መነካካት የለም። መርዛማ ናት፣ ግን ካልረገጧት ወይም ካልያዟት ሰው ጋ አትመጣም።

በሳንቃው መንገድ ስትመለሱ አሮጌ ቦዮች ታያላችሁ፣ ዛሬ በእንጨት ወይም በአፈር የተደፈኑ። ድሮ ሰዎች ረግረጉን አድርቀው እንጨት ሊያበቅሉበት፣ ፒቱንም ሊቆርጡት ሞክረዋል። ፒት ውሃው ሲሄድ አየር ይገባዋል፣ አየር ሲገባ ያ ሁሉ ሺህ ዓመት የተከማቸ ካርቦን መውጣት ይጀምራል። ረግረጎች ከዓለም የብስ 3 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆኑም የዓለም የደን ዛፎች ሁሉ ተደምረው በአካላቸው ከያዙት የበለጠ ካርቦን ይዘዋል፤ ጀርመን ውስጥ ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ የሆነው የረግረግ መሬት ደርቋል። አሁን ቦዩን ደፍነው ውሃውን መመለስ ነው ሥራው። የተደፈነው ቦይ ላይ ሞሱ ተመልሶ ሲወጣ ይታያል፣ በጣም ደማቅ አረንጓዴ ነው፣ ሳታዩት እንዳታልፉ።

እዚህ ላይ ቤት ስትመለሱ የምታደርጉት አንድ ነገር አለ። ለአበባ ወይም ለቃሪያ ችግኝ አፈር በከረጢት የምትገዙ ከሆነ ጀርባውን አንብቡ። ብዙው ፒት ነው፣ ከሆነ ቦታ ከሆነ ረግረግ የተቆረጠ። ጀርመን ውስጥ የምትፈልጉት ቃል "ቶርፍፍራይ" ነው፣ ፒት የሌለበት ማለት ነው። "ቶርፍ የተቀነሰበት" የሚለው አሁንም ፒት አለው። "ባዮ" (ተፈጥሯዊ እንደማለት) የሚለውም ከፒት ነፃ ነው ማለት አይደለም፤ እኔ ራሴ ለሁለት ዓመት ባዮ እያልኩ ረግረግ ስገዛ ነበር።

ማታ ልብሳችሁን ስታወልቁ መዥገር ፈልጉ። ከጉልበት በስተኋላ፣ ብብት፣ እምብርት፣ የፀጉር መጀመሪያ፣ ልጆች ላይ ደግሞ ከጆሮ ጀርባ። ካገኛችሁ ዘይትና ቅቤ ሳትቀቡ በወረንጦ ቆዳው ጋ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት፣ ቀኑንም ጻፉ። በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ዙሪያው ቀይ ክብ ከሠራ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ በመድኃኒት ይድናል። ደን የምታዘወትሩ ከሆነ ደግሞ መዥገር ለሚያመጣው የአንጎል ሕመም ክትባት ስላለው የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ኤፍኤስኤምኢ ብትሉ ይገባቸዋል። የመጀመሪያውን መርፌ ከጉዞው ቀደም ብላችሁ ጀምሩት፣ በአንድ ጊዜ የሚያልቅ አይደለም።